ቤትን በጋዝ ማጠን፦ ለተባዩ ማምለጫ የሆነው ሽንቁር ለጎረቤት አደጋ ነው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጀርመን ወደ ኢስታንቡል ለጉብኝት የሄዱ ባልና ሚስት ከሁለት ሕፃናት ልጆቻቸው ጋር በቀናት ልዩነት ሕይወታቸው አለፈ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ከመንገድ ላይ ገዝተው የበሉት ምግብ ስለነበር ሻጮች ተይዘው ተጠየቁ። ምርመራው ሲቀጥል ግን ትኩረቱ ወደ ሆቴሉ፣ በተለይም ለትኋን ማጥፊያ ተብሎ እዚያ ወደዋለው ኬሚካል ዞረ።

ተመሳሳይ አደጋ ከዚያ በፊትም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በግብፅ ሁርጋዳ በአንድ ሆቴል ያረፉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት የሞቱት አጎራባች ክፍል ለትኋን ፀረ ተባይ በተረጨበት ሌሊት ነበር። በ2023 በእንግሊዝ የተካሄደው የአሟሟት ምርመራ የሞታቸው ምክንያት የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ መሆኑን ደመደመ። ፀረ ተባዩ የተቀላቀለበት ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ማሟሚያ ነበረበት፤ ይህ ፈሳሽ ተንኖ ወደ ሳንባ ሲገባ ሰውነት ራሱ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ለዕረፍት የሄደ አንድ ቤተሰብ፣ ከሥሩ ያለው መኖሪያ በሜታይል ብሮማይድ ጋዝ በመታጠኑ ክፉኛ ተመርዟል። ያ ጋዝ በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንዳይሠራበት ከታገደ ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

በሦስቱም ቦታዎች የተጎዱት ክፍላቸውን ያሳጠኑ ሰዎች አልነበሩም። መርዙ ከሌላ ክፍል መጥቶ ነው ያገኛቸው። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ግን ክርክሩ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ወገን ማንኛውም ፀረ ተባይ ገዳይ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ መስኮት ከፍቶ ትንሽ ማናፈስ ይበቃል ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሚስቱት ጭስ፣ ጭጋግና ጋዝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በመዘንጋት ነው።

ጭስ፣ ጭጋግ እና ጋዝ

ጭስ ከቃጠሎ ወይም ከኃይለኛ ሙቀት ተነሥቶ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ጠጣር ብናኝ ነው። ጭጋግ ደግሞ ደቃቅ የፈሳሽ ነጠብጣብ ነው፤ ተጭነው ወለል ላይ ሲቀመጡ ይዘታቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ክፍሉ የሚለቁት የፀረ ተባይ ቆርቆሮዎች የሚያወጡት ይህንን ነው። ብናኝም ነጠብጣብም ክብደት ስላላቸው ቀስ በቀስ ወርደው ወለል፣ ጠረጴዛና አልጋ ላይ ያርፋሉ። የፍራሽ ስፌት ውስጥ፣ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወይም የእንጨት ሆድ ውስጥ የመግባት ዐቅማቸው እጅግ ትንሽ ነው።

ጋዝ ከሁለቱም ይለያል። እያንዳንዱ ሞለኪውል፣ ማለትም የንጥረ ነገሩ የመጨረሻ ትንሿ ቅንጣት፣ እንደ አየር በነፃነት ስለሚንቀሳቀስ አየር የሚደርስበት ሁሉ ይደርሳል። በእንጨት ቀዳዳዎች፣ በተከመረ እህል መካከል፣ በፍራሽ ውስጥ ያልፋል። በሙያው ቋንቋ ፊውሚጌሽን የሚባለው ይኸው ነው፦ የታሸገን ቦታ ገዳይ መጠን ባለው ጋዝ ሞልቶ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት፤ ከዚያም ጋዙን አስወጥቶ ቦታው ንጹሕ መሆኑን በመሣሪያ ማረጋገጥ።

ከዚህ ትርጉም ሁለት ነገር ይከተላል። ጋዙ ሲወጣ የሚተወው ጥበቃ የለም፤ ዛሬ የታጠነ ቤት ነገ ከጎረቤት ወይም ከሻንጣ በመጣ ትኋን እንደገና ሊወረር ይችላል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ቦታው ካልታሸገ ሥራው ፊውሚጌሽን አይደለም፣ መርዝን ወደ አየር መልቀቅ ብቻ ነው።

አንዲት እንክብል ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ

በዓለም ላይ እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ በብዛት የሚሠራበት ጋዝ ፎስፊን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሲሊንደር ታምቆ አይመጣም፤ የሚመነጨው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከሚባል ጠጣር ውህድ ነው። የተለመደችው እንክብል 3 ግራም ትመዝናለች። ከታሸገችበት ወጥታ የአየርን እርጥበት ስታገኝ ቀስ በቀስ እየፈረሰች 1 ግራም ያህል ፎስፊን ትለቃለች፤ የሚቀረው አመድ የሚመስል ግራጫ ዱቄት ነው። ጋዙ ወዲያው አያልቅም። እንደ ሙቀቱና እንደ እርጥበቱ ከሰዓታት እስከ ቀናት ይወጣል።

ይህች እንክብል የተሠራችው ለእህል መጋዘን ነው። ችግሩ የሚጀምረው ርካሽና ለመያዝ ቀላል ስለሆነች ወደ መኝታ ክፍል ስትገባ ነው። ወርዱ 3፣ ርዝመቱ 4፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አንዲት እንክብል ጋዟን ሁሉ ለቅቃ ምንም ሳያመልጥ ቢቀር በክፍሉ ውስጥ ወደ 24 ፒፒኤም የሚጠጋ ፎስፊን ይኖራል፤ ፒፒኤም ማለት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ ስንቱ እጅ ጋዙ እንደሆነ የሚናገር መለኪያ ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን በአማካይ ሊጋለጥ የሚፈቀድለት 0.3 ፒፒኤም ነው። ስለዚህ አንዲት እንክብል ብቻ ክፍሉን ከተፈቀደው 80 እጥፍ ታደርሰዋለች። ሁለት ቢሆኑ ደግሞ ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ተብሎ ወደተመደበው 50 ፒፒኤም ይጠጋል።

አሁን በተባዩ በኩል እንየው። በእህል መጋዘን እንቁላሉን ጨምሮ ነቀዙን ከሥሩ ለማጥፋት በመቶዎች የሚቆጠር ፒፒኤም ለተከታታይ ቀናት ሳይቀንስ መቆየት አለበት። ፎስፊን ጊዜ የሚፈልግ ጋዝ ነው፤ መጠኑን እጥፍ አድርጎ ጊዜውን በግማሽ መቀነስ አይሠራም። እንቁላል ውስጥ ያለው ነፍሳት ጋዙን ስለሚቋቋም ተፈልፍሎ ደካማ ደረጃ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። መጠኑ ከልክ በላይ ሲበዛ እንኳ አንዳንድ ነፍሳት ይደነዝዙና አተነፋፈሳቸው ቀንሶ መርዙ ሳይጎዳቸው ያልፋል።

ሁለቱን ስሌቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የግድ ነው። ተራ መኝታ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት እንክብሎች የሚሰጡት መጠን ሰውን ለመግደል የሚበቃ፣ የተባይን እንቁላል ግን በአስተማማኝ ሁኔታ ለማጥፋት የማይበቃ ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ መርዙ ለትንሽ ነፍሳት የተመጠነ ስለሆነ ለትልቅ ሰው አያሰጋም ይላል። ፎስፊን የሚያጠቃው ሕዋስ ኦክስጅንን ወደ ጉልበት የሚለውጥበትን ሂደት ነው፤ ያ ሂደት በነቀዝም በሰውም አንድ ነው።

የማምለጡ ነገር

መኖሪያ ቤት ጋዝ እንዲይዝ ተደርጎ አይሠራም። የበር ሥር ክፍተት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ፣ የመታጠቢያ ቤት የአየር ማውጫ፣ የቧንቧ መተላለፊያ፣ የኮርኒስ መገጣጠሚያ ሁሉ መንገድ ነው። ፎስፊን በብሎኬትና በጡብ ግድግዳ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሳይቀር ማለፍ ይችላል። በሩን በፕላስተር ያሸገ ሰው ትልቁን መንገድ ዘግቶ ትንንሾቹን ሁሉ ክፍት ትቷል ማለት ነው።

ጋዙ ባመለጠ መጠን ክፍሉ ውስጥ ያለው ይሳሳል፤ ተባዩ የሚገባውን መጠን ለሚገባው ጊዜ አያገኝም። ያመለጠው ደግሞ አይጠፋም፣ አጠገብ የተኛ ሰው ጋ ይደርሳል። በእኔ እምነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ውጤታማነትና ደኅንነት እርስ በርስ የሚሻሙ ነገሮች ተደርገው ይቀርባሉ፤ ጠንካራ መርዝ ከፈለግህ አደጋውን ቻል ይባላል። በጋዝ ላይ ግን ሁለቱ በአንድ ነገር፣ በቦታው መታሸግ ላይ ይንጠለጠላሉ። የሚያፈስ ቤት ሁለቱንም ያጣል።

ያልሞተው ተባይ ሌላ መዘዝም አለው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባካሄደው ዓለም አቀፍ ቅኝት በተለያዩ አገሮች ፎስፊንን የተላመዱ የእህል ተባዮች ተገኝተዋል። በማያስተማምን ቦታ በተደጋጋሚ ማጠን ደካሞቹን ገድሎ ጠንካሮቹን ለዘር ይተዋል።

ፎስፊንን በአፍንጫ አሽትቼ እጠነቀቀዋለሁ ማለትም አያዛልቅም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው አብረውት ካሉ ባዕድ ውህዶች ነው፤ ንጹሑ ፎስፊን ሽታ የለውም። እነዚያ ውህዶች በግድግዳና በዕቃ ተመጥጠው ሊቀሩ፣ ጋዙ ግን ሊያልፍ ይችላል። ሽታው ከመታወቁ በፊት መጠኑ ከተፈቀደው ልክ ሊበልጥ ይችላል፤ የተኛ ሰው ደግሞ አያሸትም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ማዞር፣ የደረት መጨነቅና ሳል ናቸው። ሲጀምር የምግብ መመረዝ መስሎ ስለሚታይ ሐኪምንም ቤተሰብንም ያሳስታል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ምግብ ያልበሉት ሳይቀሩ፣ አብረው ከታመሙና በሕንጻው ውስጥ በቅርቡ ፀረ ተባይ ከዋለ ይህ ለሐኪሙ ወዲያው መነገር አለበት፤ የምርቱ ስም ወይም የማሸጊያው ፎቶ ቢኖር ደግሞ እጅግ ይረዳል። ፎስፊን ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው ኦክስጅን መስጠት፣ ልብንና ሳንባን መደገፍ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሰዎችን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነው።

እንክብሎቹ ላይ ውኃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ፣ ለአይጥ ተብሎ ከቤት ሥር የተደረገን አሉሚኒየም ፎስፋይድ አንድ የቤተሰቡ አባል ሽታውን ለማጥፋት በውኃ ሊያጥበው ሞከረ። ውኃው ጋዙን አስቆጥቶ ወደ ቤት ላከውና አራት ልጆች ሞቱ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በዩታ፣ ሌይተን ከተማ፣ በቤት አጥር ግቢ ጉድጓድ ውስጥ ከተደረገ ተመሳሳይ ምርት የተነሣ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾች ሞተዋል። ያንን ያደረገው ባለሙያ ነበር። በዚያው በ2010 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፎስፋይድ ምርቶች በመኖሪያ ቤቶች አካባቢ እንዳይውሉ አገደ።

የጭጋግ ቆርቆሮው ለምን ያሳዝናል

ቆርቆሮው እንደ ፎስፊን አያሰጋም፤ በዚህ ረገድ ሁለቱን ማመሳሰል ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም በትኋንና በበረሮ ላይ የሚሰጠው ውጤት ከሚታሰበው እጅግ ያነሰ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ፓይሬትሮይድ የሚባሉ፣ ከአበባ የሚገኝን መርዝ አስመስለው በፋብሪካ የሚሠሩ ኬሚካሎችን ነው። ትኋን እነዚህን በብዛት ተላምዷል፤ ነጠብጣቡም እሱ የተደበቀበት ስፌት ውስጥ አይገባም። በ2012 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበያ ላይ ያሉ ቆርቆሮዎችን በትኋን ላይ ሞክረው ይህንኑ አረጋግጠዋል። በ2019 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና ሰዎች በሚኖሩባቸው አፓርታማዎች በተደረገ ጥናት ቆርቆሮ የተከፈተባቸው ቤቶች የበረሮ ቁጥር አልቀነሰም፤ ስንጥቅ ውስጥ በትንሹ የሚደረግ የጄል ማጥመጃ ምግብ ያገኙት ቤቶች ግን በግልጽ ቀነሰላቸው። ቆርቆሮው የተወው መርዝ የተገኘው ሰው በሚረግጠውና በሚነካው ወለልና ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ጉዳቱም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 በአሜሪካ 10 ግዛቶች ብቻ በእነዚህ ቆርቆሮዎች ምክንያት 3,222 ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል፤ ዋና ዋና ምክንያቶቹ ሲረጭ ከክፍሉ በጊዜ አለመውጣትና ፈጥኖ መመለስ ናቸው። ኬሚካሉን የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ በመሆኑ ከአንድ በላይ ቆርቆሮ በጠባብ ክፍል ተከፍቶ የምድጃ እሳት ወይም የማቀዝቀዣ ብልጭታ ያገኘው እንደሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

ተገቢ የሚሆንበት ቦታ

ጋዝ ከመኖሪያ ሕንጻ ጭራሽ ይወገድ የሚሉ ሰዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ነገር ግን አንድ ተባይ ያስቸግራቸዋል፦ መሬት ሳይነካ በደረቅ እንጨት ውስጥ የሚኖር ምስጥ። ጣሪያና ምሰሶ ውስጥ ብዙ ጎጆ ከሠራ እያንዳንዱን ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል ቤቱ በሙሉ በድንኳን ተሸፍኖ በሰልፈሪል ፍሎራይድ ይታጠናል። ይህ ጋዝ ከ1961 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነው። አሠራሩ ከእንክብሉ ጋር አይወዳደርም። ሰው፣ እንስሳና ተክል ይወጣል፤ ምግብና መድኃኒት ይወጣል ወይም በልዩ ከረጢት ይታሸጋል፤ እሳት ሁሉ ይጠፋል። ተደብቆ የቀረ ሰው እንዲወጣ አስቀድሞ ዓይን የሚያስለቅስ ሌላ ኬሚካል ይለቀቃል። በመጨረሻም የውስጡ አየር በመሣሪያ ተለክቶ 1 ፒፒኤም ወይም ከዚያ በታች ሳይሆን ማንም አይገባም።

ይህ ጋዝ ወደ ነፍሳት እንቁላል በደንብ አይገባም። ምስጥ ላይ ይህ ችግር አይሆንም፤ ከእንቁላል የወጡት ጫጩቶች ያለ አዋቂ ሠራተኞች መመገብ ስለማይችሉ ይሞታሉ። የትኋን ግልገል ግን ገና እንደተፈለፈለ ራሱን ችሎ ደም ፍለጋ ስለሚወጣ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል። ለአንዱ ተባይ የሠራ መጠን ለሌላው ይሠራል ብሎ መገመት ያሳስታል።

የአካባቢ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሜታይል ብሮማይድ የኦዞን ንጣፍን በመጉዳቱ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉ አገሮች እስከ 2005፣ በታዳጊ አገሮች እስከ 2015 ከአገልግሎት እንዲወጣ ተወስኗል፤ ተባይ ከአገር አገር እንዳይዛመት በወደብ ለሚደረግ የኳራንቲን ማጠን ግን አሁንም ይፈቀዳል። ብዙ ቦታ በምትኩ የገባው ሰልፈሪል ፍሎራይድ ኦዞንን አይጎዳም፤ ይሁንና በ100 ዓመት ስሌት ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ4,000 እጥፍ በላይ ይበረታል። በዓለም ላይ ይህን ጋዝ ለቤት ምስጥ በብዛት ከሚጠቀሙት ቦታዎች ግንባር ቀደሟ ካሊፎርኒያ ናት፤ ድንኳኑ ሲነሣ ጋዙ ወደ ሰማይ ይለቀቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ ዐቅም የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ አለ። ትኋን እንቅልፍ ይነሣል፣ ያሳፍራል፣ ሥራና ትምህርት ያውካል፤ ሙያዊ ሕክምናው ውድ ነው። ይህን ማቃለል አይገባም። ግን ርካሽ የተባለው እንክብል ዋጋውን የሚከፍለው በአብዛኛው ያልገዛው ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ፈቃዱን አልተጠየቀም፣ ምን እንደሚተነፍስም አያውቅም። በእኔ ፍርድ ፎስፋይድ ሰው በሚያድርበት ሕንጻ ውስጥ በባለሙያም ቢሆን መግባት የለበትም። ሌላውም ጋዝ ቢሆን የጋራ ግድግዳ ባለው ሕንጻ አንድ ክፍል ብቻ ነጥሎ ማጠን ሊፈቀድ አይገባም። ሕንጻው በሙሉ ካልተለቀቀ፣ በሙሉ ካልታሸገና በመሣሪያ ካልተለካ ሥራው አይጀመር። ያጠነው ድርጅት የለካበትን ቁጥር በጽሑፍ ለነዋሪው የማስረከብ ግዴታ ቢኖርበት ብዙ አደጋ ይቀራል።

ያለ ጋዝ

ለትኋን ከጋዝ ይልቅ የሚታመነው ሙቀት ነው። ክፍሉ በልዩ ማሞቂያ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደርሶ ሙቀቱ ስፌትና ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ለሰዓታት ከቆየ እንቁላሉም አይተርፍም፤ ለትኋን መላመድ ከመርዝ ይልቅ ሙቀትን መቋቋም እጅግ ይከብዳል። ልብስና አንሶላ በሙቅ ማድረቂያ ይታከማል፤ ሙቀት የማይችሉ ዕቃዎች ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ለአራት ቀን ይቆያሉ። ፍራሹ ዚፕ ባለው ጥብቅ ልባስ ሲሸፈን ውስጥ የቀረው መውጫ ያጣል። ለበረሮ የጄል ማጥመጃ፣ የቧንቧ ፍሳሽ መጠገንና ስንጥቅ መድፈን አንድ ላይ ሲሄዱ ከማንኛውም ቆርቆሮ ይበልጣሉ። ለአይጥ ወጥመድና ቀዳዳ መድፈን ነው።

እነዚህ ሁሉ ከአንድ ቀን በላይ ይጠይቃሉ። የትኋን እንቁላል በተለመደው የክፍል ሙቀት ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ስለዚህ ምንም ዓይነት ዘዴ ይዋል፣ ሁለት ሳምንት ሲሆን የፍራሹን ስፌት፣ የአልጋውን መገጣጠሚያና የግድግዳውን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን እንደገና ማየት ያስፈልጋል፤ ሕያው ትኋን ከተገኘም የሚደገመው ያው ሥራ ነው፣ መጠኑ የጨመረ መርዝ አይደለም።